ሐኪም በምርመራ ክፍል እህቴ ላይ ነውር ፈጸመ፤ የወንጀል መዝገቡ ተዘጋ። በፍትሐ ብሔር መክሰስ እንችላለን?

ታላቋ ከአዳማ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አዳማ ነው። የሰውም የክሊኒክም ስም አልጠራም። የመጣሁት ምክር ፍለጋ ነው። ሕግ የምታውቁ እባካችሁ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ታናሽ እህቴ 22 ዓመቷ ነው። አንድ ሆቴል ውስጥ ካሸር ነበረች። ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ ቀኝ ጎኗን ሲቆርጣት ሰነበተና ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄደች። እኔ ሱቅ ስለነበርኩ ብቻዋን ነው የሄደችው። የሆድ አልትራሳውንድ ታዘዘላት። ክፍሉ ውስጥ አንዲት ነርስ ነበረች። ሐኪሙ ጄሉን ከቀባት በኋላ ነርሷን "ካርድ ክፍል ሄደሽ ወረቀቷን አምጪልኝ" ብሎ አስወጣት። ከዚያ በሩን ቆለፈው።

ቀጥሎ ያደረገው ነገር ምርመራ አይደለም። ዝርዝሩን እዚህ አልጽፍም። ለፖሊስ ተናግራዋለች፣ እሱ ይበቃታል። "ተወኝ" ስትለው "ዝም ብለሽ ተኚ፣ ምርመራው እንዲህ ነው የሚሠራው" አላት። ነርሷ ስትመለስ በሩ አልከፈት ብሏት አንኳኳች። ሐኪሙ ያን ጊዜ ነው እጁን ታጥቦ የከፈተው።

ማታ በቴሌግራም ጻፈላት። ስልክ ቁጥሯን ያገኘው ከካርዷ ላይ መሆን አለበት፣ እሷ አልሰጠችውም። "ለዛሬው ይቅርታ፣ እባክሽ በእኛ መሀል ይቅር" ይላል። መልእክቱ አሁንም ስልኳ ላይ አለ።

የነገረችን በማግስቱ ነው። እናቴ ምንም ሳታውቅ ልብሷን ጠዋት ኦሞ ውስጥ ዘፍዝፋው ነበር። ፖሊስ ጣቢያ ሄድን፣ ቃሏን ሰጠች፣ በደብዳቤ ሆስፒታል ተልካ ተመረመረች። ወረቀቱ "የሚታይ ጉዳት የለም" ይላል። ነርሷ መጀመሪያ እመሰክራለሁ ብላ ነበር፤ አሁን ስልክ አታነሳም። ስንመላለስ ከርመን ዐቃቤ ሕግ በቂ ማስረጃ የለም ብሎ መዝገቡን ዘግቶታል ተባልን። የነገሩን በቃል ነው።

እህቴ ሥራዋን ለቀቀች። ጥርሷን አሟት ጉንጯ እስኪያብጥ ድረስ ሐኪም ቤት አልገባም ብላ ተቀምጣለች። አዲስ አበባ አንዲት የሥነ አእምሮ ሐኪም ጋ እየወሰድኳት ነው። ከእሷ ጋር ትንሽ ትንሽ መናገር ጀምራለች፣ ተመስገን ነው።

አሁን ደግሞ ሽማግሌ መጣ። የላካቸው የክሊኒኩ ባለቤት ነው። ቡና ተፈልቶላቸው አባቴ ጋ ተቀመጡ። 80 ሺህ ብር እንሰጣለን፣ አባትየው "ከእንግዲህ በምንም መንገድ አንጠይቅም" ብሎ ይፈርም ነው የሚሉት። አባቴ ሽማግሌ ያከብራል፣ አስቤ ልንገራችሁ ብሎ ሸኛቸው። እህቴ ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ማታ "እኔን ማንም አልጠየቀኝም" አለችኝ። እንዲህ ያለችበት ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም።

ወንጀሉ ከተዘጋ በኋላ በካሳ መክሰስ ይቻላል ወይ? የሚከሰሰው እሱ ብቻ ነው ወይስ ክሊኒኩም? ሽማግሌዎቹንስ ምን እንበላቸው?

አቤል፦

አይዟችሁ እህቴ። እኔ ብሆን የቴሌግራሙን መልእክት ከነፎቶው ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ እለቀው ነበር። ከተማው ይወቀው። ሌላ ሴት ነገ እዚያው ክፍል ትገባለች እኮ!

ሲስተር ነኝ፦

የኔ እህት፣ ልቤ ተነካ። ነርስ ነኝ፣ እዚሁ አዳማ። የምናገረው ከሙያዬ በኩል ነው።

የሆድ አልትራሳውንድ የሚሠራው ከላይ፣ ሆድ ላይ ጄል ተቀብቶ ነው። ልብስ ትንሽ ዝቅ ከማድረግ ያለፈ ነገር አይጠይቅም። በብልት በኩል የሚሠራ ሌላ ዓይነት አለ፤ እሱ ግን ለብቻው ይታዘዛል፣ አስቀድሞ ይነገራታል፣ ትስማማለች ወይ ተብላ ትጠየቃለች። ስለዚህ ማዘዣ ወረቀቱ ትልቅ ነገር ነው። "የሆድ" ብቻ የሚል ከሆነ "ምርመራው እንዲህ ነው" ያለው ቃል አፉ ላይ ይቀራል። የካርዷን ኮፒ በጽሑፍ ጠይቁ። የተረኞች መዝገብ ላይም የነርሷ ስም ያን ቀን መኖር አለበት።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎችም ልበል። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባት ሴት ሳትታጠብ፣ ልብሷን ሳታጥብ ብትመጣ ነው የሚሻለው። ልብሱ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፣ ፌስታል ውስጥ ይበሰብሳል። ኤችአይቪ የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። እርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን ይሰጣል፣ ቶሎ ሲሆን ግን የበለጠ ይሠራል። አዳማ ሆስፒታል፣ በድሮ ስሙ ኃይለማርያም ማሞ፣ ለጥቃት የደረሰባቸው ሁሉም አገልግሎት በአንድ ቦታ የሚሰጥበት ማዕከል አለው። ቀኑ ቢያልፍም የምክር አገልግሎቱ አያልፍም፣ እህትሽን ውሰጃት። እና ታጥባ የመጣችም ብትሆን ትምጣ። ታጠብሽ ብሎ የሚመልሳት የለም።

ጠበቃ ነኝ፦

እህቴ፣ እዚሁ ከተማ በጥብቅና እሠራለሁ። አቤል ከተናገረው ልጀምር፣ አስቸኳይ ስለሆነ። ንዴቱ ይገባኛል። ግን ስሙን አትልቀቁት። ፍርድ ሳይኖር ስሙን ብትለጥፉ በስም ማጥፋት እናንተን ይከሳል፤ ከዚያ እህትሽ ከሳሽ መሆኗ ቀርቶ ተከሳሽ ሆና ትቀርባለች። መልእክቱ ለዳኛ የሚቀርብ ማስረጃ ነው፣ እዚያው ይቆይ። ስልኩ እንዳይሸጥ፣ ቴሌግራሙ እንዳይጠፋ። እሱ ከእሱ ስልክ ሆኖ ለሁለቱም ሊያጠፋው ይችላልና ዛሬውኑ ቁጥሩና ሰዓቱ እየታየ ስክሪንሾት አንሱ፣ ሁለት ሰው አጠገባችሁ ሆኖ ይየው፤ በኋላ ምስክር ይሆኗችኋል።

ወደ ዋናው ልምጣ። የወንጀል መዝገብ መዘጋት የካሳ ክስን አይዘጋም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2149 ግልጽ ነው፤ ሰውየው በወንጀል ተከሶ ነፃ ቢወጣ እንኳ የፍትሐ ብሔሩ ዳኛ በዚያ አይታሰርም። የእናንተ ደግሞ ክሱም አልተጀመረም። በወንጀል ዳኛው ጥርጣሬ ካለው ይለቃል። በፍትሐ ብሔር የሁለታችሁ ማስረጃ ይመዘናል፣ ሚዛን የደፋለት ይረታል። የቴሌግራም ይቅርታ፣ የሆድ ብቻ የሚል ማዘዣ፣ ተቆልፎ የተንኳኳ በር፣ በማግስቱ ለፖሊስ የተሰጠ ቃል፣ የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ማስታወሻ። እነዚህ ተደምረው ቀላል አይደሉም። ነርሷም ብትሆን ስልክ አለማንሳት አያድናትም። በፍርድ ቤት መጥሪያ ትጠራለች፣ መቅረብ ግዴታዋ ነው። ብዙ ሰው በስልክ ይሸሻል፣ ዳኛ ፊት በመሐላ ሲጠየቅ ግን ያየውን ይናገራል።

ማንን ትከሳላችሁ? ሁለቱንም፣ በአንድ መዝገብ። ሐኪሙ በ2028 ይጠየቃል፤ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይካሳል የሚለው ነው። በተጨማሪ ቁጥር 2038 አለ፤ ሰው ሳይፈቅድ ሆን ብሎ አካሉን የነካ ጥፋተኛ ነው ይላል። ይህኛው የሚታይ ቁስል አይጠይቅም። "የሚታይ ጉዳት የለም" የሚለው ወረቀት ያስደነገጣችሁ ይመስለኛል። ለዚህ ክስ አያሰጋችሁም።

ክሊኒኩ በ2651 ይጠየቃል። የሕክምና ተቋም የቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች በጥፋታቸው በታካሚ ላይ ላደረሱት ጉዳት ኃላፊ ነው። ካርድ ያወጣችበትና አልትራሳውንድ የከፈለችበት ደረሰኝ ካለ ውሉ ተረጋገጠ ማለት ነው። ጠበቃቸው ምን እንደሚል ከወዲሁ ልንገርሽ፦ "ያደረገው የግል ነውሩን ነው፣ ሥራው አጋጣሚ ብቻ ነው የሰጠው፣ እኛን አይመለከትም።" ቁጥር 2131 ላይ ይህን የሚደግፍ ሐሳብ ስላለ ባዶ ክርክር አይደለም። መልሱ ግን አለን። ጉዳቱ ሠራተኛው ዘወትር በሚሠራበት ቦታ ወይም ሰዓት ከደረሰ በሥራው ላይ እንደደረሰ ይገመታል፤ ያንን ማፍረስ የእነሱ ፈንታ ነው። ከዚያ በላይ የራሳቸው ጥፋት አለ። ሴት ታካሚን ከወንድ ሐኪም ጋር የተቆለፈ ክፍል ውስጥ የተዋት አሠራር የማን ነው? ስልክ ቁጥሯን ከካርድ ላይ ማንሳት እንዴት ተቻለ? እነዚህን የምጠይቀው ክሊኒኩን ነው። (የመንግሥት ሆስፒታል ቢሆን መንገዱ በ2126 በኩል ይሆን ነበር፤ የሥራ ጥፋት ነው ወይስ የግል በሚለው መንግሥት ይጠየቃል ወይም አይጠየቅም። ሌላ አንባቢ ካለ ብዬ ነው።)

አሁን ስለ ገንዘቡ እውነቱን ልናገር። ጠበቃ ሁሉ የሚነግራችሁ አይደለም። ለሕሊና ጉዳት የሚፈረደው ካሳ በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ አንድ ሺህ ብር ገንዘብ ነበር። ዛሬ አዳማ ላይ ደህና ጫማ አይገዛም። በዚህ ሁሌም እቆጣለሁ። አንዲት ሴት ለደረሰባት ውርደት ሕጉ ይህን ያህል ብቻ ሲል ደንበኛዬ ፊት ማንበብ ያሳፍረኛል። በዚያ ላይ ስለ ክብረ ንጽሕና ድፍረት ካሳ የሚናገረው 2114 ተከሳሹ በወንጀል የተቀጣ ሲሆን ነው የሚሠራው። ወንጀሉ በተዘጋበት ሁኔታ ሆን ተብሎ ስለደረሰ የሕሊና ጉዳት በሚናገረው 2106 በኩል ነው የምንገባው። ጣሪያው ግን ያው ነው።

ስለዚህ የክሱ ሥጋ ያለው ቁሳዊ ጉዳቱ ላይ ነው። እሱ ጣሪያ የለውም። ካሳ ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን ነው የሚለው ሕጉ፣ ገና የሚደርሰውም እርግጠኛ ከሆነ ይቆጠራል። የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ክፍያ፣ መድኃኒቱ፣ የአዲስ አበባ ትራንስፖርት፣ ወደፊት የሚቀጥለው ሕክምና ግምት፣ ሥራ ከለቀቀችበት ቀን ጀምሮ የቀረባት ደመወዝ። ከሆቴሉ የደመወዝ ማስረጃና የለቀቀችበትን ቀን የሚያሳይ ደብዳቤ አውጡ። ሐኪሟ መሥራት ያልቻለችው በደረሰባት ነገር ምክንያት መሆኑን በጽሑፍ ትግለጽ። ይህች ወረቀት ከሌሎቹ ሁሉ ትበልጣለች፤ ያለ እሷ "በፈቃዷ ነው የለቀቀችው" ይሉናል። ልኩ በትክክል ያልተረጋገጠውን ዳኛው በቁጥር 2102 በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ባለው ግምት፣ ይቆርጠዋል፤ ግን የሚቆርጥበት መነሻ ከእኛ ይፈልጋል። ደረሰኝ፣ ደረሰኝ፣ ደረሰኝ።

ይርጋው፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ጉዳቱ ከደረሰ ሁለት ዓመት ነው፣ ቁጥር 2143። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከረዘመ ረጅሙ ይሠራል፤ የእናንተም ይረዝማል ብዬ እከራከራለሁ። ግን በዚያ አትመኩ። ሁለቱ ዓመት ሳይሞላ ክሱ መዝገብ ቤት ይግባ። አላስፈላጊ ክርክር ለምን እንፈጥራለን?

የወንጀሉንም ነገር አትርሱት። "ተዘግቷል" በቃል አይሆንም። ውሳኔውን በጽሑፍ ጠይቁና ለበላይ ዐቃቤ ሕግ አቤት በሉ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 622 በኃይል የሚፈጸም የክብረ ንጽሕና ድፍረት ከ1 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል። ከተከፈተና ክስ ከቀረበ የካሳ ጥያቄውን እዚያው የወንጀል መዝገብ ላይ ማቅረብም ይቻላል። ፈቃዱን በሚመለከት ደግሞ ለክልሉ ጤና ቢሮ ተቆጣጣሪ ክፍል አመልክቱ። የባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይመረምረዋል፤ የሙያ ፈቃድ እስከ መታገድና መሰረዝ ይደርሳል። አቤል የጠየቀው የነገዋን ሴት ነው። እሷን የሚጠብቃት ይህ ነው።

ሽማግሌዎቹን በተመለከተ። እህትሽ 22 ዓመቷ ነው። መብቱ የእሷ ነው። አባትሽ በእሷ ምትክ የሚፈርሙት ወረቀት እሷን አያስርም። ግን ቤተሰቡን ጣጣ ውስጥ ይከታል፣ በኋላም "ተስማምታችሁ ገንዘብ ተቀብላችኋል" እየተባለ ፍርድ ቤት ይመዘዛል። እሷ ራሷ ከፈረመችስ? በፍትሐ ብሔር ዕርቅ እንደ መጨረሻ ፍርድ ነው፣ የካሳው ጥያቄ ያበቃል። ወንጀሉን ግን ዕርቅ አይዘጋውም፤ እንዲህ ያለው ወንጀል በግል አቤቱታ ብቻ የሚቀርብ አይደለም። "ምስክርነት አንሰጥም፣ ለየትም አናመለክትም" የሚል ቃል ያለበት ወረቀት በምንም ዋጋ እንዳትፈርም።

80 ሺህ ብሩ በራሱ ነውር ነው አልልም። ፍርድ ቤት ከዚያ ያነሰ ሊፈርድ ይችላል፣ ይህን ሳልነግርሽ ባልፍ እበድላለሁ። ጉዳቷን ደምረን ካየን በኋላ ዕርቅ እፈልጋለሁ ካለች ምርጫዋ ነው። ስለ ገንዘቡ ብቻ የሚናገር ወረቀት ይጻፋል፣ በጠበቃ ይታያል፣ እሷ ትፈርማለች፣ ብሩም በእሷ አካውንት ይገባል። አሁን ግን ሽማግሌ የተላከው ክሱን ፈርተው ነው። ቅድሚያ ቁጥሩን እናውጣ።

ታላቋ ከአዳማ፦

እግዜር ይስጥልን ጋሼ። አንብቤላት ነበር፤ "መብቱ የእሷ ነው" የሚለው ጋ ስደርስ ድገሚልኝ አለችኝ።

ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። አንደኛ፣ ሰው ፊት ቆማ መናገሩን ፈርታዋለች። ክፍለ ሀገር ነው፣ ችሎት ውስጥ የሰፈር ሰው አይጠፋም። ሁለተኛ፣ አቅማችን ይህን ያህል ነው። የእኔ ሱቅ ናት ቤቱን የያዘችው። ደግሞ እዚህ ፍርድ ቤት ሁሉ ነገር በአፋን ኦሮሞ ነው፣ እኛ በቤት አማርኛ ነው የምናወራው።

ጠበቃ ነኝ፦

በዝግ ችሎት እንዲታይ እናመለክታለን። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት ለመጠበቅ ችሎት እንዲዘጋ ይፈቅዳል፤ ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ዳኞች ይረዱታል። ማመልከቻው ክሱ ሲገባ አብሮ ይግባ፣ የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ እንዳትሳቀቅ።

የዳኝነት ክፍያው የሚሰላው በተጠየቀው ገንዘብ ልክ ነው። መክፈል ካልቻለች በደሃ ደንብ እንድትከስ ትጠይቃለች፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ ይፈቅዳል። የሚታየው የእሷ አቅም ነው፤ ሥራ የላትም። ከቀበሌ ማስረጃ አውጡ። ለጠበቃ ደግሞ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነፃ ይረዳል፣ አዳማም ቅርንጫፍ አለው። መጀመሪያ እዚያ ሂዱ። ሴት ጠበቃ ብታገኝ ለእሷም ይቀላታል።

ቋንቋው አያስጨንቃችሁ። ክሱ በአፋን ኦሮሞ ይጻፋል፣ እሷ ስትናገር ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ ይመድባል። ግን የክሱን አቤቱታ ከመፈረሟ በፊት ቃል በቃል በአማርኛ ይነበብላት። ከፖሊስ ቃሏ ጋር አንድ ቦታ ከተጣረሰ ያችን ይዘው ነው የሚውሉት። የፖሊስ ቃሏን ኮፒም ጠይቁ።

ከገንደ ሀራ፦

በዚህ መንገድ ያለፍኩ ነኝ። ሰውየው ሐኪም አልነበረም፣ የሽማግሌው ነገር ግን አንድ ነው። አጎቴ ፈረመልኝ። ብሩን እኔ አላየሁትም፣ ለወንድሜ ባጃጅ መግዣ ሆነ። ለዓመታት ያ ባጃጅ በሰፈራችን ሲያልፍ ቤት እገባ ነበር። እህትሽን ከጓዳ አውጧት፣ ሽማግሌዎቹም የሚናገሩትን ፊቷ ይናገሩ። ካልፈለገች ደግሞ አትቀመጥ። እሷ የምትለው ይሁን።

ታላቋ ከአዳማ፦

እህቴ፣ ጽሑፍሽን አንብቤ ሳለቅስ ነበር። ለአባቴም አነበብኩለት። ብዙ ዝም አለ፣ ከዚያ ስልክ አንስቶ ለዋናው ሽማግሌ "ልጄን ጠይቋት፣ እኔ ፈራሚ አይደለሁም" አለው። እሷ አሁን አላናግራቸውም ብላለች፣ በዚሁ ጸንተናል።

ሰኞ ማኅበሩ ጋ እንሄዳለን። ስክሪንሾቱን አንስተናል፣ ጎረቤታችንና የአክስቴ ልጅ አይተውታል። ከሆቴሉ ደብዳቤ እንደሚሰጡን ነግረውኛል። ጋሼ፣ የፋርማሲ ደረሰኞቹ ግን ግማሾቹ ጠፍተውብኛል። ምን ላድርግ?

ጠበቃ ነኝ፦

ማዘዣዎቹ ሐኪሟ ጋ በፋይል አሉ፣ ኮፒ ጠይቂ። እነሱን ይዘሽ ፋርማሲዎቹ ጋ ሂጂና የሽያጭ መዝገባቸውን አይተው በማኅተም እንዲጽፉልሽ ለምኚያቸው። እምቢ ያለ ካለ ስሙን ያዢልኝ፣ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጽፍለታል። የትራንስፖርቱን ደግሞ ከሐኪሟ የቀጠሮ ካርድ ጋር ቀን በቀን አዛምደሽ ጻፊው፤ ደረሰኝ ባይኖረውም ቀኑ ይመሰክራል።